የአቶ ቧንቧ ውሃ ቅሬ ዕረፍት

ኅዳር 3 ቀን 2074 ዓ.ም. ጠዋት የቅሬያችንን ሞት የሚያረዳ ደብዳቤ ደረሰኝ።

ይማም ሽበሺ እባላለሁ። ጡረታ የወጣሁ የፊዚክስ መምህር ነኝ፤ ደሴ ውስጥ ቧንቧ ውሃ በሚባለው ሰፈር የቧንቧ ውሃ ቅሬ ጸሐፊ ከሆንኩ ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው። ቅሬ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው። ሰው ሲሞት ድንኳን እንተክላለን፣ አግዳሚ እንደረድራለን፣ መቃብር እንቆፍራለን፣ ሦስት ቀን ከሐዘንተኛው ጋር እንቀመጣለን። የስንቱን ሞት በእጄ መዝግቤያለሁ። የራሳችንን ሞት ግን ከሌላ ሰው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

ደብዳቤው እንዲህ ይላል፦ «ውድ የአቶ ቧንቧ ውሃ ቅሬ ቤተሰቦች፤ ባለፈቃዳችን አቶ ቧንቧ ዛሬ መቶ ሃያ ዓመት ስለሞላቸው ከዚህ ዓለም በሞት እንደተለዩ ተገምቷል። ኩባንያችን የተሰማውን ጥልቅ ሐዘን ይገልጻል። በስማቸው የተመዘገበው ‹ድምፀት ስድስት› የሙዚቃ ማቀናበሪያ ፕሮግራም፣ የአገሩን ባህል በማክበር፣ በአርባኛው ቀን ከቀኑ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይዘጋል። ነፍስ ይማር።»

ሁለቴ አነበብኩትና ሳቅሁ። ከዚያ ስሙ ላይ ዓይኔ ሲያርፍ ያን ቅጽ የሞላሁት እኔው መሆኔ ትዝ አለኝ። ሳቄ እዚያው ቀረ።

እኔ ይህን የፈቃድ ነገር እስከ ዛሬ አልለመድኩትም። ጠዋት ስንነሳ ፊታችንን ሳንታጠብ «አለሁ» እንላለን። ምድጃው «ባለፈቃዱ አሉ?» ብሎ ይጠይቃል፤ መዳፍ ይቀርብለታል፣ የልብ ትርታ ይቆጥራል፣ «አለሁ» ሲባል ይሞቃል። የቤቱ በርም እንደዚያው ነው፣ መነጽሬም እንደዚያው ነው። ባለቤቴ ዘምዘም ጉንፋን ይዟት ድምፅዋ የተዘጋ ጊዜ ሦስት ቀን ቀዝቃዛ ምግብ በልተናል። ሰው ሲሞት ደግሞ በስሙ ያለው ዕቃ ሁሉ በአርባኛው ቀን ይዘጋል። የሟች ቤተሰብ በማግስቱ ጠዋት ወጡን ይዞ ጎረቤት ሄዶ ያሞቃል፤ ማንም አይገረምም። ማውረስ የለም፣ መሸጥ የለም፣ መስጠትም የለም። የልጅ ልጄ ከትምህርት ቤት መጥታ «ያልተሸጠልንን አንሸጥም» የሚል መዝሙር ስትዘምርልኝ ቁጣዬን ዋጥ አደረግኩ። መምህር የነበረ ሰው የመምህርን ሥራ በልጅ ፊት አያጥላላም።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። በ2041 ዓ.ም. የሙዚቃ ፕሮግራም የገዛ ሰው ሲበቃው ለሌላ መሸጥ ይችል ነበር፤ በየጠዋቱ «አለሁ» ማለትም አልነበረም። ኮምቦልቻ ይኖር የነበረ አንድ አቀናባሪ ሙዚቃውን ትቶ ንብ ማነብ ሲጀምር «ድምፀት ስድስት»ን ከነኮምፒውተሩ ሸጠልን። የገዛነው ለትርንጎ አሊ ነው። ትርንጎ ያኔ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነበር፤ ጎበዝ አቀናባሪ ነበረች፣ መሣሪያ ግን አልነበራትም። ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ተነስታ «የአልቃሾቻችን ድምፅ ከእነሱ ጋር አፈር እየገባ ነው። መሣሪያ ስጡኝና ላኑርላችሁ» አለች። ተስማማን። ዕቃው የቅሬው ይሆናል፣ እሷ ትይዘዋለች። ትልቁንም ድስት የምናስቀምጠው እንደዚሁ አባል ቤት ነው።

ቅሬያችን የማይሻር ልማድ አለው። የተገዛ ዕቃ ሁሉ የቅሬው ስም በቀይ ቀለም ይጻፍበታል፤ ድስቱም፣ ጭልፋውም፣ አግዳሚውም፣ መጥረጊያው ሳይቀር። ስም የሌለው ዕቃ ከለቅሶ ቤት አይመለስማ። እኔም የፈቃድ ማዛወሪያውን ቅጽ ስከፍት እጄ የለመደውን አደረገ። ሦስት ሳጥን ነበረው፦ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም። ቧንቧ። ውሃ። ቅሬ። በልክ የተሰፋ ልብስ ይመስል ገጠመልኝ። የትውልድ ቀን ሲል ቅሬው የተመሠረተበትን ኅዳር 3 ቀን 1954 ጻፍኩ። ጾታ ሲል ትንሽ ግራ ገባኝ። የዚያን ጊዜው ዳኛችን፣ የቅሬው ሰብሳቢ ማለት ነው፣ ወንድ ስለነበሩ ወንድ አልኩ። ወዲያው «እንኳን ደስ አለዎት፣ አቶ ቧንቧ» የሚል መልስ መጣ፤ እኔም ሥራዬን በመጨረሴ ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ። እዚህ ሞኙም ጸሐፊውም አንድ ሰው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ ትርንጎ የማናችንንም ሞት አላለፈችም። ለክርስቲያኑ ሙሾ፣ ለሙስሊሙ መንዙማ እየቀዳች፣ እያቀናበረች ለየቤተሰቡ ቅጂ ሰጥታለች። ሦስት መቶ ስምንት ሙታን በእሷ እጅ አልፈዋል። ከእነሱ አንዷ እናቴ ናት። በየዓመቱ በሞቷ ቀን እከፍተዋለሁ፤ ሁልጊዜ ያው ቦታ ላይ ያስለቅሰኛል።

ትርንጎ ቤት የሄድኩት ደብዳቤውን እንደያዝኩ ነው። ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣ ነበር። ያ ኮምፒውተር የሚሠራበት ሥርዓት «መሠረት ዘጠኝ» ይባላል፤ ዓለም አሁን «መሠረት ሠላሳ አንድ» ላይ ነው። ድምፀት ስድስት ከዘጠኝ ውጭ በሌላ በምንም አይከፈትም። ኮምፒውተሩ በየማለዳው በስክሪኑ ቀኝ ጥግ «ልሻሻል?» ብሎ ስለሚጠይቅ፣ እንግዳ መጥቶ በስህተት «እሺ» እንዳይለው ትርንጎ ጥጉን በቁስል ፕላስተር ሸፍናዋለች። ፕላስተሩን በየወሩ ትቀይረዋለች። ማራገቢያው የልብስ ስፌት ሞተር ነው፤ ቁልፎቹ ግማሾቹ በእንጨት የተተኩ ናቸው።

«ትርንጎ፣ ሞተናል» አልኳት።

«ማን ነው የሞተው?»

«እኛ ነና። ቅሬው።»

ደብዳቤውን ተቀብላ በጣቷ እየተከተለች አነበበች። ትስቃለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልሳቀችም።

«ይሄን ቅጽ አንተ ነህ አይደል የሞላኸው?»

«እኔ ነኝ።»

«ወንድ ነው አልካቸው?»

«ወንድ አልኩ።»

«ቅሬውን ቀጥ አድርጎ ያቆመው ሴቱ ሆኖ ሳለ!» አለችና ደብዳቤውን አጠፈችው። «ይማም፣ ከዚህ የወጣ ድምፅ ሁሉ የባለፈቃዱን ማኅተም ይዞ ነው የሚወጣው። ይሄ ሲዘጋ በየቤቱ ያለው ቅጂም አብሮ ዝም ይላል። የእናትህም።»

የማውቀው ነገር ነበር። የሦስት መቶ ስምንት ሰው ለቅሶ በእኔ የእጅ ጽሑፍ ሊጠፋ ነው።

በማግስቱ ፒያሳ ወዳለው የኩባንያው ፈቃድ ቢሮ ሄድን። ያስተናገደችን ብሩክታዊት የምትባል ሠራተኛ ናት፤ ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው፣ ደሴ ተወልዳ ያደገች፣ ሥርዓት ያላት ልጅ። ከመቀመጣችን በፊት ተነስታ «እግዚአብሔር ያጥናችሁ» አለችን። አመሰገንን። ሌላ ምን እንላለን?

ከዚያ ስክሪኗን እያየች መንገዱ ሦስት እንደሆነ ነገረችን። ሞቱን ካመንን ፈቃዱ በአርባኛው ቀን ይዘጋል። ሥራዎቹን ማትረፍ ከፈለግን በነፃ ወደ አዲሱ «ድምፀት ሃያ ሁለት» ታሻግርልናለች። ሦስተኛው ለማንም ሆኖለት አያውቅም፦ ባለፈቃዱ በሕይወት ካሉ ከአርባኛው ቀን ማለቂያ በፊት በአካል ቀርበው መዳፋቸውን ማሳረፍ ይችላሉ።

«እኔ ግን የምልሽ፣ የኔ ልጅ፣ ባለፈቃዱ እኮ...» ብዬ ጀመርኩ።

ብሩክታዊት እጇን አነሳች። «ጋሼ፣ ይቅርታ ላቋርጥዎት። አንዳንድ ሰው ‹ባለፈቃዱ ሰው አይደለም› ይላል። እንደዚያ ከሆነ ፈቃዱ ከመጀመሪያውም ሐሰተኛ ነበር ማለት ነው፤ የነገን ፀሐይ ሳያይ ይዘጋል። እርስዎ እንደዚያ ሊሉ አልነበረም አይደል?»

«አልነበረም» አለች ትርንጎ በእኔ ፈንታ። «ይኸው ሽማግሌ ነው፣ ወሬ ያበዛል።»

ትርንጎ እንቢ ባይ ብትሆንም ጭፍን አይደለችም፤ አዲሱን ልሞክረው አለች። ለሙከራ የመረጠችው የእማማ አሚናትን ለቅሶ ነው። እማማ አሚናት የሰፈራችን ትልቋ አልቃሽ ነበሩ። ከመሞታቸው በፊት የራሳቸውን ለቅሶ ራሳቸው አልቅሰው ያስቀዱ ሴት ናቸው፤ «ሌላ ሰው ያበላሸዋል» ብለው። በአንቺሆዬ ቅኝት ነው ያለቀሱት። የእሳቸው አንቺሆዬ ደግሞ ፒያኖ ላይ የለም፤ በሁለት ቁልፍ መካከል ባለው ስንጥቅ ውስጥ የሚኖር ድምፅ ነው። ትርንጎ ያንን ስንጥቅ ፕሮግራሙ ውስጥ በጆሮዋ ለመፈለግ ሰባት ወር ፈጅቶባታል።

ልጃቸው ከድጃም ተጠርታ መጣች። ብሩክታዊት ሥራውን አሻገረችውና ስክሪኑ «አራት መቶ አሥራ ሁለት ስህተቶች ተስተካክለዋል» አለ። ከዚያ ድምፁን ከፈተችው።

ንፁህ ነበር። በጣም ንፁህ። እማማ አሚናት ሳይተነፍሱ፣ ሳይንቀጠቀጡ፣ እያንዳንዱን ድምፅ መሐሉ ላይ እየረገጡ አለቀሱ። የማስታወቂያ ለቅሶ ቢኖር እንዲህ ይሆን ነበር። ከድጃ አንገቷን ዘንበል አድርጋ እስከ መጨረሻው አዳመጠች፤ ሳታለቅስ።

«ይቺ እናቴ አይደለችም» አለች። «ይቺ የሚያምር ድምፅ ያላት ሴትዮ ናት፤ አላውቃትም። ወላሂ መንገድ ላይ ባገኛት ሰላም አልላትም።»

«ስህተቶቹን መመለስ ይቻላል?» ስትል ትርንጎ ጠየቀች።

«ሃያ ሁለት የሚቀበለው የታወቁ ቅኝቶችን ብቻ ነው፣ እትዬ» አለች ብሩክታዊት፤ ፊቷ ቀላ። «ዝርዝር አለው።»

«እሱን ዝርዝር ማን ጻፈው?»

ብሩክታዊት አላወቀችም። እኔም አላውቅም። ቅጽ ሲሞላ እጁ የለመደውን የጻፈ እንደ እኔ ያለ ሰው ሳይሆን አይቀርም።

የቅሬው ጉባኤ የተጠራው ለእሑድ ነው። ዳኛችን አያ እንድሪስ ሙሄ ናቸው፤ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፣ ሲናገሩ ዝግ ይላሉ፣ ሲቆጡ ደግሞ ይበልጥ ዝግ ይላሉ። ጥፋቴን ቆሜ ተናዘዝኩ። ሊቆጣኝ የተነሳ ሰው ቢኖርም ደብዳቤውን ሳነብላቸው «ነፍስ ይማር» የሚለው ላይ ሁሉም ሳቀ። ከዚያ ሐሳብ መስጠት ተጀመረ። አንዱ «ድር ቢያብር» ብሎ ሲነሳ ሌላው «ተቀመጥ፣ መጨረሻውን እናውቀዋለን» አለው። ጋሻው የሚባል ነጋዴ ጥሩ ሐሳብ ያለው መሰለው።

«ቀላል ነው» አለ። «ወረኢሉ አንድ የማውቃቸው የዕድሜ ባለጸጋ አሉ፤ መቶ ሃያ ቢባሉ ማንም አይጠራጠርም። እናምጣቸውና እጃቸውን ያሳርፉ። ‹አቶ ቧንቧ እኔ ነኝ› ይበሉ፣ አለቀ።»

ጥቂት ሰዎች ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። እውነት ለመናገር እኔም ከነቀነቁት አንዱ ነበርኩ።

ትርንጎ ተነሳች። «እሳቸው ነገ ሲሞቱስ? ሌላ ሽማግሌ ልትሰርቅልን ነው?» አለች። «ስሙኝ። እኔ ስልሳ ሰባት ዓመቴ ነው። ስለ ሁላችሁም አልቅሻለሁ፣ አስለቅሻለሁ። አንድም ጊዜ በውሸት አላለቀስኩም። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም የሚባለውን እዚያ ኮምፒውተር ፊት አይቼዋለሁ። አሁን ቅሬው ሞቷል ተባለ። ሞቷል?»

«አልሞተም!» አለ ጉባኤው።

«ታዲያ የሽማግሌ ጭምብል ለምን እናጠልቅለታለን? ባለፈቃዱ በአካል ይቅረብ ብለዋል። ይቅረባ! ቅሬው እኮ እግር አለው። ስድስት መቶ ሰማንያ እግር።»

አያ እንድሪስ ብዙ አሰቡ። «ቅሬ ለለቅሶ ሲወጣ እንደሚወጣ ነው የሚወጣው» አሉ በመጨረሻ። «ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ቃሬዛው፣ አካፋው። የቀረ አባል ይቀጣል። ይማም፣ መዝግብ።»

መዘገብኩ። ሠላሳ ስድስት ዓመት ስጽፍ ብዕሬን እንዲያ ጠበቅ አድርጌ ይዤ አላውቅም።

ታኅሣሥ 12 ቀን አርባኛው ቀን ሆነ። ከጦሳ ተራራ የወረደው ጉም ገና አልተነሳም ነበር። ሦስት መቶ አርባ አባላት ከቧንቧ ውሃ እስከ ፒያሳ በእግር ሄድን፤ ወንዶቹ ድንኳኑንና አግዳሚውን፣ ሴቶቹ ድስቱን፣ ከድጃና ትርንጎ ደግሞ ኮምፒውተሩን እንደ ሕመምተኛ በብርድ ልብስ ጠቅልለው። ሁለት ሰዓት ላይ ድንኳኑ በኩባንያው በር ፊት ቆመ። ደሴ የለቅሶ ድንኳን ያየ ሰው ዝም ብሎ አያልፍም፤ መንገደኛው እየገባ ይቀመጥ ጀመር።

«ማን ነው የሞተው?» ይላል ገቢው።

«እኛ ነን አሉ።»

«ማን አለ?»

በጣት በሩን እናሳያለን። ገቢው ግራ ተጋብቶ ይቀመጣል፤ ነገሩ ሲገባው ደግሞ ወጥቶ ጓደኛውን ይዞ ይመለሳል።

ብሩክታዊት ወጣች። አያ እንድሪስ «ባለፈቃዱ በአካል ቀርቧል» አሏት። ዓይኗን በድንኳኑ ላይ አዟዟረችው፤ ከንፈሯ ጫፍ ላይ ሳቅ መጥቶ ተመለሰ። ገብታ የመዳፍ ማንበቢያውን ይዛ መጣችና ጠረጴዛ ላይ አኖረችው።

«ባለፈቃዱ አሉ?» አለ ማንበቢያው።

አያ እንድሪስ እጃቸውን አሳረፉ። «አለሁ።» ቀጥሎ ከድጃ። «አለሁ።» ቀጥሎ ጋሻው፣ ቀጥሎ ዘምዘም፣ ቀጥሎ እኔ። መስመሩ የድንኳኑን ዙሪያ ሞልቶ ነበር። ማንበቢያው ለአንድ ሰው እንደተሠራ ሁሉንም የአንድ ሰው ልብ እያደረገ ይደምራቸዋል። ስልሳኛው ሰው ላይ ስክሪኑ «የባለፈቃዱ የልብ ትርታ ያልተረጋጋ ነው፤ ሐኪም ያማክሩ» አለ። ሁለት መቶኛው ላይ «አስቸኳይ እርዳታ ይጥሩ» አለ። ሦስት መቶ አርባኛዋ ትርንጎ ነበረች። እሷ «አለሁ» ስትል ማንበቢያው ጠፋ።

ስምንት ሰዓት ላይ የኩባንያው ኃላፊ ከዋናው መሥሪያ ቤት በስክሪን ቀረበ። መልከ መልካም፣ ንግግሩ የታሸ ሰው ነው።

«ወገኖቼ፣ ቀልዱን ወድጄዋለሁ» አለ። «ግን ባለፈቃድ አንድ ልብ ነው ያለው። እኛም ሰዎች ነን፤ ስለዚህ ልዩ ውሳኔ አድርገናል። ፈቃዱን በወይዘሮ ትርንጎ ስም እናዞረዋለን። ድምፀት ስድስትን፣ በዚያው በአሮጌው ኮምፒውተር፣ ዕድሜ ልካቸውን ይጠቀማሉ። እናንተ የምታደርጉት የአቶ ቧንቧን መሞት መፈረም ብቻ ነው።»

ሁላችንም ትርንጎን አየን። የፈለገችው ሁሉ እጇ ላይ ተቀምጦላት ነበር፤ ኮምፒውተሯ፣ አንቺሆዬዋ፣ ሥራዋ። ብትቀበል ማንም አይወቅሳትም ነበር፤ እኔማ በልቤ ተቀበዪ እያልኩ ነበር፣ የእናቴን ድምፅ እያሰብኩ።

«ዕድሜ ልኬን ነው ያልከኝ?» አለች።

«አዎ፣ እማማ። ዕድሜ ልክዎን።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ በኋላማ... በሕጉ መሠረት፣ በአርባኛው ቀን።»

«እኔ ስሞት ከድጃ ታለቅስልኛለች። እሱንም በዚሁ ይቀዱታል። በአርባዬ ቀን የእኔም ይዘጋል፣ የእናቷም ይዘጋል፣ የእነዚህ ሁሉ ይዘጋል። ገዳይ አድርገህ ልትሾመኝ ነው የመጣኸው?» ወደ ስክሪኑ ቀረበች። «አልፈልግም። ዕቃው የእኔ አይደለም። የቅሬው ነው። ቅሬው ደግሞ ይኸው ተቀምጧል።»

ከዚያ ወደ ኮምፒውተሩ ዞራ የእማማ አሚናትን ለቅሶ ከፈተችው፤ የማይስተካከለውን፣ ከነትንፋሹ። በድንኳኑ ድምፅ ማጉያ ወጥቶ ፒያሳን ሞላ። ሱቅ ውስጥ የነበሩ ሰዎች በር ላይ ወጡ። ከድጃ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ ለቅሶው አልቆ እንደገና ሲጀምርም አላቆምኩም።

አሥራ አንድ ሰዓት አለፈ። ብሩክታዊት ሰሌዳዋን ይዛ ወጣች። ቤተሰብ በአካል ቀርቦ ሞቱን ከካደ ፈቃድ ከመዘጋቱ በፊት ሪፖርት መጻፍ ግዴታዋ እንደሆነ፣ ፈቃዱ የሚዘጋውም በዚያው ሪፖርት እንደሆነ ነገረችን። ኃላፊው ከስክሪኑ አልወረደም።

«የመጀመሪያው ጥያቄ» አለች ብሩክታዊት፣ «የሟች አስከሬን የት ይገኛል ነው የሚለው።»

አያ እንድሪስ ቀስ ብለው ከአግዳሚው ተነሱ። «እኛም የመጣነው ይሄንኑ ልንጠይቅ ነው፣ ልጄ። እኛ ቅሬ ነን። ሞተ ካላችሁን እንቀብራለን፤ መቶ ሃያ ዓመት ሙሉ እንቢ ብለን አናውቅም። ቃሬዛው ይኸው፣ አካፋው ይኸው። አስከሬኑን አውጡልን። ሬሳ ሳይቀበር ቅሬ ተበትኖ አያውቅም፤ ዛሬም አይበተንም። ነገም፣ ከነገ ወዲያም እዚሁ ነን።»

«አባባ፣ አስከሬን እኮ የለም።»

«የለም?»

«የለም።»

«እንግዲያው እሱኑ ጻፊዋ።»

«ባዶ ተይው» አለ ኃላፊው ከስክሪኑ። «ብሩክታዊት፣ ያንን ሳጥን ባዶ ተይውና ዝጊው።»

ልጅቷ ስክሪኑን አየች፣ ድንኳኑን አየች። ሥራዋን እንደምታጣ ታውቅ ነበር። «ጌታዬ፣ ባዶ መተው አይቻልም» አለች። «ቤተሰብ ፊቴ ተቀምጧል።» ከዚያ ጻፈች።

«ጮክ ብለሽ አንብቢው» አለቻት ትርንጎ። «የኋለኞቹ አልሰሙም።»

ብሩክታዊት አግዳሚ ላይ ወጣች። «በዛሬው ዕለት ታኅሣሥ 12 ቀን 2074 ዓ.ም. የአቶ ቧንቧ ውሃ ቅሬ አስከሬን አልተገኘም። ሦስት መቶ አርባ ቤተሰቦቻቸው ቀርበው የሞተ እንደሌለ አስታውቀዋል። በዚህ ምክንያት መዝጋት አልተቻለም።»

የኃላፊው ስክሪን ጨለመ። እኔ ሰዓቴን ይዤ ቆምኩ። አምስት ጉዳይ ሆነ፤ ሁለት ጉዳይ ሆነ። ትርንጎ እጇን ኮምፒውተሩ ላይ አሳርፋ ዓይኗን ጨፍናለች። አሥራ ሁለት ሞላ። እማማ አሚናት መሐል ለቅሶ ላይ ነበሩ፤ ያንን የስንጥቁን ድምፅ ያዙት፣ አስረዘሙት፣ ተነፈሱ፣ ቀጠሉ። አንድ ደቂቃ አለፈ። አምስት ደቂቃ አለፈ። አልተዘጋም።

ነገ ሌላ ደብዳቤ እንደሚልኩ አውቃለሁ። ሕጉንም ይቀይሩት ይሆናል፣ ሳጥኑንም ከቅጹ ላይ ያነሱት ይሆናል። ይላኩ። አቶ ቧንቧ መልስ የሚጽፍ ጸሐፊ አላቸው።

አያ እንድሪስ ጋቢያቸውን አስተካክለው ድንኳኑን ከዳር እስከ ዳር አዩት።

«ተነሱ እንግዲህ» አሉ። «የሞተ የለም። ድንኳኑን አውርዱት።»